«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ስለሚለው ማስታወቂያ

በአዳማ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከባለ ሱቁ ራስ በላይ በግድግዳው ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ማየቱ የተለመደ ነው። ወረቀቷ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ትላለች። በሞጆም፣ በመቂም፣ በባቱም፣ በሻሸመኔም ይህችው ወረቀት ትገኛለች። አንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ ይህንኑ ቃል በደረሰኙ ግርጌ በማኅተም ይመታዋል። ቃሉን ከመልመዳችን የተነሣ፣ ምን ሥልጣን እንዳለውና ማንን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ጥያቄ ለማንሣት ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ ባለ ታክሲ ጠዋት የፍሬን ሸራ ይገዛል፤ መካኒኩም ይገጥምለታል። በሦስተኛው ቀን ሸራው ከብረቱ ይላቀቃል። ባለ ታክሲው የተላቀቀውን ሸራ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ቢመለስ፣ ባለ ሱቁ በጣቱ ወደ ወረቀቷ ያመለክተዋል። ገዢው አልሄድም ብሎ ቢከራከር፣ «ወንድሜ፣ እኔም የገዛሁት እንዲሁ ታሽጎ ነው። የላከው ሰው ያለው ባሕር ማዶ ነው። እኔን ላታለለኝ ማን ይጠይቅልኛል?» የሚል መልስ ይሰጠዋል።

ይህ መልስ ሐሰት ነው አንልም። ነጋዴው በእውነት ተታሎ ይሆናል። ይሁን እንጂ ባለ ታክሲው ያንን የባሕር ማዶ ሻጭ አልመረጠውም፤ ስሙንም አያውቅም፤ በጓንጁ ወይም በዱባይ ለሚገኝ መጋዘን ደብዳቤ ለመጻፍ አይችልም። ሻጩን የመረጠው፣ ዋጋ የተከራከረው፣ ትርፉንም ያሰላው ዕቃውን ያስመጣው ነጋዴ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ሰዎች መካከል ጉድለቱን በመጀመሪያ መሸከም የሚገባው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ሆኖም እኛ የምንጽፈው ለነጋዴዎች ነውና፣ ነገሩን በፍትሕና በርኅራኄ በኩል ብቻ አናቀርበውም። ለማስረዳት የምንፈልገው ከዚህ ጥቂት የራቀውን ነው፤ ይኸውም ያች በግድግዳ ላይ ያለች ወረቀት ከገዢው ይበልጥ የምትጎዳው ራሱን ነጋዴውን መሆኑን ነው። ገዢው የሚመልሰው የተበላሸ ዕቃ፣ ነጋዴው በባሕር ማዶው ሻጭ ላይ ሊያቆመው የሚችለው ዋነኛ ምስክር ነው። ምስክሩን ከደጅ የሚመልስ ሰው ደግሞ ክርክሩን ሳይጀምር ይሸነፋል።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የባሕር ማዶ ሻጭ አርባ ካርቶን የጎማ ኩሽኔታ አስመጣሁ። ማሸጊያው ያማረ፣ ማኅተሙም የታወቀ ፋብሪካ ማኅተም ይመስል ነበር። ሁለቱን ካርቶን ብቻ ከፍቼ ካየሁ በኋላ የቀረውን በመጋዘን ደረደርሁት። ሽያጭ ከጀመርሁ ከአንድ ወር በኋላ አንድ የሚኒባስ ነጂ መጣና ኩሽኔታው በመቂ መንገድ ላይ ግሎ እንደ ተያዘበት ነገረኝ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። እኔም ወረቀቴን አሳየሁትና ሄደ። ከእርሱ በኋላ ሌላ መጣ፤ እርሱንም መለስሁት። አምስተኛውና ስድስተኛው ሲመጡ ግን ነገሩ የመካኒክ ጥፋት አለመሆኑ ገባኝ፤ ለሻጩም ጻፍሁ። በዚያን ጊዜ ዕቃው ከገባ አምስት ወር አልፎት ነበር።

ሻጩ አልተሳደበም፤ አልካደምም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ካርቶኖቹን የከፈትኸው መቼ ነው? የተበላሹት ስንት ናቸው፤ የካርቶናቸውስ ቁጥር ስንት ነው? የተበላሹት ኩሽኔታዎች አሁን የት ናቸው? ለአንዱም የሚሆን መልስ አልነበረኝም። የተበላሹት ኩሽኔታዎች እኔ ከደጄ ከመለስኋቸው ሰዎች ጋር ሄደው በየጋራዡ ተጥለዋል። የቀሩትን ካርቶኖች ለሰው መሸጥ ኅሊናዬ ስላልፈቀደ በብረት ዋጋ ሸጥኋቸው። ያን ቀን ማታ ወረቀቷን ከግድግዳው ላይ አነሣኋት።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ ይህ ጉዳይ በእኛ አካባቢ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው መንገድና የባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል ያልፋሉ፤ የሞጆ ደረቅ ወደብም ከእኛ ብዙ አይርቅም። በምሥራቅ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ፣ ከሞጆ ታጥፎም ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ አርሲ ነጌሌና ወደ ሻሸመኔ የሚመላለሰው ካሚዮን፣ አውቶቡስና ሚኒባስ ብዛቱ የታወቀ ነው። በየከተማው ውስጥ ያለው ባጃጅ ደግሞ የየዕለቱ የመለዋወጫ ገበያተኛ ነው። በደቡብ በኩል ያለውን መንገድ እንመልከት። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስትገኝ፣ አዳማ ያለችው በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአሰላ ተነሥቶ በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወርድ የእህል ካሚዮን ከሰባት መቶ ሜትር የማያንስ ቁልቁለት አለበት። በዚያ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሸራ ጉድለት የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በሌላም በኩል የመለዋወጫ አስፈላጊነት እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ነገር ግን በአገር ውስጥ ያለው መኪና ረዘም ላለ ዘመን እንዲያገለግል ግድ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሚያረጅ መኪና ደግሞ በመለዋወጫ ይኖራል። አዲስ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ፍሬን፣ ኩሽኔታና ጎማ የሌለው አይደለም፤ ዕቃውም እንደዚሁ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው።

አሁን ሕጉ የሚለውን በአጭሩ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ እንደሚያስረዳው፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። ገዢውም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ ጊዜ እንዳገኘ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ባገኘም ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይገባዋል። ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥያቄውን ካላቀረበ መብቱን ያጣል። ይህ ሕግ ባለ ታክሲውን በባለ ሱቁ ላይ እንደሚረዳው ሁሉ፣ ባለ ሱቁን በአስመጪው ላይ፣ አስመጪውንም የእኛ ሕግ በሚገዛው ውል ሁሉ በባሕር ማዶው ሻጭ ላይ ይረዳዋል። በ1980 እ.ኤ.አ. በቪዬና የተፈረመውና ቻይናን የመሳሰሉ ብዙ አገሮች የገቡበት የተባበሩት መንግሥታት የሽያጭ ውል ስምምነትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ እርሱም ቶሎ መርምር፣ ቶሎ አስታውቅ ይላል። እንግዲህ ሻጩ የጠየቀኝ ሦስት ጥያቄ ከተንኮል የመጣ ሳይሆን ከሕግ የመጣ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ለሸማቹ አንድ እርምጃ ጨመረለት። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። እዚህ ላይ ግን ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ። አዋጁ ሸማች ያለው ለራሱ ወይም ለቤተ ሰቡ ጥቅም የሚገዛውን ሰው ነው። ለቤት አውቶሞቢሉ ጎማ የሚገዛ መምህር ሸማች ነው፤ ለአሥር ካሚዮኖቹ ጎማ የሚገዛ ባለ ንብረት፣ ወይም ለመሸጥ የሚገዛ ባለ ሱቅ ግን ሸማች ለመባል ያስቸግረዋል። እነዚህ ሰዎች የሚጠጉት ወደ ፍትሐ ብሔሩ ሕግ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን «እኔም ተጎጂ ነኝ» የሚል ነጋዴ፣ ጥበቃው ከሸማቹ ጥበቃ የተለየና በራሱ ትጋት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ይወቅ።

ታዲያ ያች ወረቀት በሕግ ፊት ምን ዋጋ አላት? የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ተዋዋዮች በግልጽ ተስማምተው ዋስትናን እንዲቀንሱ ይፈቅዳል። ነገር ግን አንዱ ወገን ብቻውን ጽፎ በግድግዳ ላይ የለጠፈው ነገር ስምምነት ነው ለማለት ያዳግታል። ከዚህም በላይ፣ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭ ዋስ አይደለሁም በሚል የውል ቃል አይድንም። ነገሩን ጠለቅ አድርገን ብናየው፣ የመጀመሪያው ገዢ የተበላሸውን ዕቃ ይዞ በመጣ ሰዓት ነጋዴው ማወቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ከዚያው ካርቶን አውጥቶ ለሁለተኛው ገዢ ዝም ብሎ የሚሸጥ ከሆነ፣ እኔም ተታልያለሁ የሚለው ምክንያት ከእጁ ይወጣል፤ አታላዩ እርሱ ራሱ ይሆናል። ይህን ቃል የምጽፈው ራሴን ጭምር እየወቀስሁ ነው።

የዕቃው ሠሪ ኀላፊነትም በዚሁ ሕግ በቁጥር 2085 ተጽፏል። ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሕጉ ግን በወጉ ቢመረመር ኖሮ ሊታወቅ ይችል ለነበረ ጉድለት ሠሪውን ነጻ ያወጣዋል። እንግዲህ እዚህም ላይ ቢሆን ካርቶኑን ሳይከፍት የደረደረ ነጋዴ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ አስመጪው ገንዘቡን ለማስመለስ ለምን ያቅተዋል? ዋናው ምክንያት ገንዘቡ አስቀድሞ መሄዱ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከተከፈተ ባንኩ ዕቃውን የሚጠብቅላቸው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መቀመጫው በፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባንኮች የሚሠሩበት ቁጥር 600 የተባለው ደንብ እንደሚለው፣ ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። ኢንቮይሱ፣ የማሸጊያው ዝርዝርና የመርከቡ ጭነት ሰነድ ከተባለው ጋር ከተስማሙ፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ይሁን ድንጋይ ባንኩ ይከፍላል። በቴሌግራም ሐዋላ አስቀድሞ የላከ ሰው ደግሞ ይህም ጥበቃ እንኳ የለውም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ባንኩ ሰነድን ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ ምርመራውን ራሱን ሰነድ ማድረግ ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሲከፈት ከሚጠየቁት ሰነዶች መካከል፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ ስለ መመርመሩ የሚያስረዳ ምስክር ወረቀት እንዲጨመር ማድረግ ይቻላል። ኤስ ጂ ኤስና ቢሮ ቬሪታስን የመሳሰሉ ድርጅቶች በየአገሩ ወደብ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ያን ጊዜ ምስክር ወረቀቱ ከሌለ ክፍያም የለም።

ሁለተኛው ነገር የውሉ ቃል ነው። በፕሮፎርማው ላይ «የፍሬን ሸራ፣ ኦሪጂናል» ተብሎ ቢጻፍ ምንም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የሚያስፈልገው የፋብሪካው ስም፣ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የሚገጠምበት መኪና ዓይነትና የደረጃው ምልክት ነው። ለምሳሌ ያህል ለመተኪያ የሚሸጡ የፍሬን ሸራዎችን በሚመለከት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 የተባለ አለ፤ በዚህ ደንብ ተፈትኖ ያለፈ ሸራ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደልና የፈቃዱ ቁጥር ይኖረዋል። በጎማም ላይ እንደዚሁ በጎኑ ከታተመው መለያ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ምልክትም ሊጭበረበር ይችላል። ቢሆንም በውሉ ላይ የተጻፈ ምልክት በዕቃው ላይ ሳይገኝ ቢቀር ወይም ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፣ ክርክሩ ስለ ጥራት መሆኑ ይቀርና ውል ስለ ማፍረስ ይሆናል፤ ይህንም ማስረዳት እጅግ የቀለለ ነው።

ሦስተኛው ዕቃው የገባ ዕለት የሚሠራው ሥራ ነው። ከሞጆ ወጥቶ መጋዘን የደረሰ ዕቃ በዚያው ሳምንት ይከፈት። ከእያንዳንዱ የምርት ቁጥር ናሙና ይወጣ፤ ሁለት ምስክርና አንድ መካኒክ ባሉበት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ወረቀት ተጽፎ ይፈረም። በመንገድ የተሰበረውንና ከፋብሪካው ተበላሽቶ የመጣውን መለየትም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኢንሹራንሱንና አጓጓዡን የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሻጩን ይመለከታል፤ ኢንሹራንስ ከዕቃው ከራሱ ለመጣ ጉድለት አይከፍልምና። ጉድለት ከተገኘ ለሻጩ የሚጻፈው ማስታወቂያ ለነገ አይባል። የጉድለቱን ዓይነት፣ ብዛቱንና የካርቶኑን ቁጥር ዘርዝሮ፣ መጥቶ ወይም ወኪል ልኮ እንዲያይ የሚጋብዝ ይሁን። በስልክ የተነገረ ነገር ከተካደ ማስረጃ የለውም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

አራተኛው ክርክሩ የሚታይበት ስፍራ ነው። የእኛ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ፍርድ በሌላ አገር እንዲፈጸም የዚያን አገር ሕግና የመንግሥታቱን ስምምነት ይጠይቃል። የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ግን የተሻለ መንገድ አለው። የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለ ማስፈጸም በ1958 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተደረገውን ስምምነት አገራችን በ2012 ዓ.ም. ተቀብላለች። መለዋወጫ ከምናስመጣባቸው አገሮች መካከል ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓንና የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች አስቀድመው ገብተውበታል። እንግዲህ በውሉ ላይ አንዲት የግልግል አንቀጽ ብትጨመር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም እንዲታይ ቢባል፣ የሚገኘው ውሳኔ በሻጩ አገር ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ክርክር ይህም መንገድ ውድ መሆኑን አንክድም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጭነት ላይ ምትክ እንዲላክ ወይም ሒሳቡ እንዲቀነስ መስማማት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው። ሆኖም ሻጩ ወደዚህ ስምምነት የሚመጣው ማስረጃው በእጃችን መሆኑን ሲያውቅ ነው።

የባሕር ማዶን ሻጭ መጠየቅ አይቻልም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ፣ በዚሁ በምሥራቅ ሸዋ ምድር የሆነውን አሳዛኝ ነገር ያስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ እንደ ተነሣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአንድ የመለኪያ መሣሪያ የመጣ የተሳሳተ ምልክት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፋውን ሥርዓት እንዳስነሣው ተረጋገጠ። የበረራው መዝገብ ከፍርስራሹ ተለቅሞ በፈረንሳይ አገር ተነበበ። ቤተ ሰቦቹም በአሜሪካ አገር በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የቦይንግ ኩባንያ ለሟቾቹ ካሣ ኀላፊ መሆኑን ተቀበለ። የዚያን ቀን ሐዘን ከንግድ ኪሣራ ጋር ማስተካከል ነውር ነው፤ የምንጠቅሰውም ለማስተካከል አይደለም። ነገር ግን ከዓለም ታላላቅ ፋብሪካዎች አንዱ እንኳ መልስ እንዲሰጥ ያደረገው የተጠበቀ ማስረጃና የተባበረ ጠያቂ መሆኑን ልናስተውል ይገባል።

በዚህ አሳብ ላይ ከባለ ሱቆች የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለብዙ ዘመን ስናገረው የኖርሁት ነውና። ገዢው አሮጌውን ዕቃ በአዲሱ ካርቶን ከትቶ ያመጣል ይላሉ። መካኒኩ በመዶሻ መትቶ ያበላሸውን በእኛ ላይ ያሳብባል ይላሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተቃጠለ በምን ይታወቃል ይላሉ። ይህ ሁሉ የሚደርስ ነገር ነው፤ ነጋዴውም ከአታላይ ገዢ ሊጠበቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን ለዚህ መድኀኒቱ ሰውን ሁሉ ከደጅ መመለስ አይደለም። አምፑል ስንሸጥ በባንኮኒው ላይ አብርተን እናሳይ የለምን? የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ እንደዚሁ ተፈትኖ ቢሰጥ ምን ይከለክላል? በዕቃው ላይ የማይለቅ ምልክትና የተሸጠበት ቀን ቢጻፍ፣ የመለያ ቁጥሩም በደረሰኙ ላይ ቢሰፍር፣ አሮጌን በአዲስ መለወጥ አይቻልም። የመካኒኩን ጥፋት ለመለየትም ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ሌላ መካኒክ አይቶ ቢፈርም በቂ ነው።

ስለ ደረሰኝም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚለው ቃል በገበያችን ውስጥ የተለመደ ሆኗል። በዚህ የሚጎዳው የመንግሥት ግምጃ ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ጥቂት ብር ለማትረፍ ደረሰኙን የተወ ገዢ በዚያው ቅጽበት መብቱን ሸጧል። ያለ ደረሰኝ የሸጠ ነጋዴም የትኛው ካርቶን ለማን እንደ ተሸጠ ስለማያውቅ፣ ዕቃው አደገኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጠርቶ ሊያስጠነቅቅ አይችልም።

አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ሥራ ደግሞ የምክር ቤታችን ድርሻ ነው። በመጀመሪያ፣ የምርመራን፣ የማስታወቂያንና የግልግልን አንቀጽ የያዘ አንድ የውል አርአያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ለአባላት ይታደል። ሁለተኛ፣ አነስተኛ ጭነት የሚያስመጡ ነጋዴዎች የምርመራውን ዋጋ ተካፍለው እንዲከፍሉ ምክር ቤቱ ያገናኛቸው። ሦስተኛ፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ የመለያ ቁጥሩና የምርት ቁጥሩ የሚጻፍበት መዝገብ ይከፈት። ዛሬ በሻሸመኔ የተመለሰው ኩሽኔታ ነገ በአዳማ ከመሸጡ በፊት ይታወቅ። አራተኛ፣ ሁለት ነጋዴና ሁለት የታወቁ መካኒኮች ያሉበት ሸንጎ በባለ ሱቅና በገዢ መካከል የሚነሣውን ጥቃቅን ክርክር በጥቂት ቀን ውስጥ ይይ። አንድ ነጋዴ ስለ አርባ ካርቶን ቢጽፍ ሻጩ ደብዳቤውን ሊያቆየው ይችላል። ሃያ ነጋዴዎች ስለ አንድ የምርት ቁጥር በአንድነት ቢጽፉ ግን የገበያው ነገር ያስፈራዋልና ቶሎ ይመልሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ እስካሁን ያልሠራንበት ግን እኛ ነን።

ወረቀቷን ካነሣሁ ወዲህ ከሱቄ የተመለሰው ዕቃ ከፈራሁት ያነሰ ነው። ከተመለሰውም የሚበዛው ለሻጭ የሚጻፍ ደብዳቤ ሆኖ ጠቅሞኛል። በወረቀቷ ፈንታም ሌላ ለጥፌአለሁ፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፈች ናት። ማንም ነጋዴ ቃሉን እንዲወስድ ፈቅጃለሁ። እንዲህ ትላለች፦ «ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ከደረሰኙ ጋር ይመለሳል። እባክዎ የተበላሸውን ዕቃ አይጣሉት፤ ያምጡልን።»